ሞንታርቦ የሚተኛበት የሕፃናት ክፍል

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ አያና
የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የስብሰባና የዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቂሊንጦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በንግግር ብዛት የደከመው ጉሮሮዎ እንዴት ሰነበተ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ የሦስተኛው መስመር ሰፊ ነጅላ ሸኪብ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የአራት ወር ልጄ ሰዓደትም ደህና ናት፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣነው፣ እሷ በጥርስ፣ እኔ በሰኞ።

በሰርቪሱ ሹፌር በጋሽ ደበላ እጅ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። የፊታችን ቅዳሜ «ውጤታማና አስደሳች ስብሰባ እንዴት ይዘጋጃል» በሚል ርዕስ የሙሉ ቀን ስብሰባ እንደሚካሄድና ሠራተኛው አስተያየቱን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይላል። ስለ ስብሰባ የሚሰበሰብ ስብሰባ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ልጄን ታቅፌ በአንድ እጄ እየጻፍኩ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ በእሷ ያመካኙልኝ። እንደሚያውቁት የወሊድ ፈቃዴ እሑድ ያልቃል፤ ሰኞ ጠዋት ማሽኔ ላይ ካልተገኘሁ ቦታዬን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ እናቴ ወሎ ናት፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ደግሞ ሕፃን የሚረከበኝ ጎረቤት ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ነገሬ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ክፍል ላይ ነው፤ ከፋብሪካው መግቢያ በስተግራ፣ በሩ ላይ ዝሆንና ጥንቸል የተሳለበት፣ «የሕፃናት ማቆያ» ተብሎ ባለፈው ዓመት እርስዎ ራስዎ ሪባን የቆረጡለት።

አንደኛ፣ ስለ መስከረሙ ስብሰባ ላመስግን። ክፍሉ ተመርቆ አንድም ሕፃን ስላልገባበት እኛ ሴቶቹ ጉዳዩን አንስተን ነበር፤ ኮሚቴዎም ሳይንቀን በአጀንዳው ሰባተኛ ተራ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር አሰፈረልን። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፣ የመክፈቻ ንግግሩ ማብራሪያ ተሰጠ፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እየተነበበ ሳለ ዳቦና ለስላሳ ገባ። ለስላሳው እንዳይሞቅ ሲባል ልዩ ልዩው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው የሚለው ተረት ለካ ስለ አጀንዳ ኖሯል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ከበድ ይላል። ቀጣዩን ስብሰባ ከተማ መሐል ባለ አዳራሽ ያደረጉልን ጥቅምት አምስት ቀን ነበር። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን በአቦ ንግሥ ቀን በሳሪስ በኩል መኪና እንደማያልፍ ለማወቅ ክርስትና መነሣት አያስፈልግም፣ የአቃቂ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ደበላ ከሦስት ቀን በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥተው ቢናገሩም፣ መርሐ ግብሩ ታትሟል ተብለው ተመልሰዋል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል የተሳፈርን ሠላሳ አራት ሴቶች፣ እኔም የስድስት ወር ሆዴን ይዤ፣ ታቦቱን የሚያጅበውን ሕዝብ በመስኮት እያየን እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቆመን ዋልን። አዳራሹ ስንደርስ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። አርፍደን መግባታችን አሳፍሮን ስለነበር እኛም በሩ ላይ እንደቆምን አጨበጨብን፤ ሌላው ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ የሚቆም እንግዳ የለም። ወዲያው የመፈረሚያ ወረቀት ዞረ፣ ፈረምን።

በሳምንቱ ቃለ ጉባኤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። «የሕፃናት ማቆያው ሥራ ለቀጣዩ በጀት ዓመት እንዲተላለፍ፣ ክፍሉም እስከዚያው የዝግጅት ዕቃ ማስቀመጫ እንዲሆን የቀረበውን ሐሳብ ሴት ሠራተኞች በደማቅ ጭብጨባ አጽድቀዋል» ይላል፤ ከሥሩ ሠላሳ አራት ፊርማ። አሥራ ሰባተኛው የእኔ ነው። የልጄን ክፍል በገዛ እጄ አጨብጭቤ ሸኘሁት፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የኅዳሩን የቡድን ግንባታ ቀን አልረሳሁም፣ ተራውም ሦስተኛ ነው። ጓደኞቼ በጆንያ ሲዘሉ፣ አስተናባሪዎ ነፍሰ ጡር መሆኔን አይተው አዘኑልኝና ማንኪያ በአፌ ይዤ እንቁላል እንድሸከም አደረጉኝ። ሁለተኛ ወጣሁ። «ሠራተኞቻችን ሀብታችን» የተጻፈበት ኮፍያ ሸልመውኛል፤ ሰዓደት ስታለቅስ በእሱ አናፍስላታለሁ።

አራተኛው ምስጋና ነው ወይ ሌላ ነገር፣ ስም አላገኘሁለትም። ማክሰኞ ዕለት ከአጠገቤ የምትሰፋው ሥርጉት በክፍሉ መስኮት አጮልቃ አይታልኝ ቤቴ መጣች። ሁለት ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ፣ የፊኛ መንፊያ፣ የተጠቀለለ ባነር፣ ያ ሁሉ የዝላይ ጆንያ እዚያ አለ። ሞንታርቦዎቹ አቧራ እንዳይነካቸው በሕፃናቱ አልጋ ላይ ተኝተው የሕፃናቱን ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ሥርጉት የራሷን ልጅ በሰባት ወሩ ጡት አስጥላ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ የላከች ናት፤ ይህን ስታወራኝ አንዴም አልሳቀችም። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

እንግዲህ አስተያየት ብለዋልና ልስጥ። ልዩ ልዩው ከመክፈቻው ንግግር ይቅደም። መርሐ ግብር ከመታተሙ በፊት ሹፌር ይጠየቅ። ሰው ሲያጨበጭብ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። አስደሳች ስብሰባ ማለት ለእኔ አንድ ነገር ወስኖ ለምሳ የሚበተን ነው፤ ፊኛም አልፈልግም።

ካርድዎን ባከብርም ቅዳሜ አልመጣም፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሰኞ ግን ሰዓደትን ይዤ እመጣለሁ፤ ጋሽ ደበላ ከኋላቸው ያለውን ወንበር ይዘውልኛል። ጥቅምት አምስት አብረውኝ ያጨበጨቡት ሴቶች ደወል ከመደወሉ በፊት በር ላይ ይጠብቁናል። ሞንታርቦዎቹን ሳናጋጭ፣ በክብር ተሸክመን ቢሮዎ እናስገባልዎታለን። ብርድ ልብሱን ብቻ እናስቀራለን።

በስብሰባዎችዎ ሁሉ ስሟ ያልጠፋ፣ ድምፅዋ ግን ያልተሰማ፣ ለክብርዎ እጅ ነሺ
ነጅላ ሸኪብ
ሦስተኛ መስመር፣ ማሽን ቁጥር 22

ግልባጭ፦
ለጋሽ ደበላ፣ መንገዱን ስለሚያውቁ
ለሁለቱ ሞንታርቦዎች፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ ሰዓደት ገና አራት ወሯ ስለሆነ ማጨብጨብ አትችልም። ሰኞ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ብታለቅስ ግን ቃለ ጉባኤ ያዡ ለቅሶ ብሎ እንዲጽፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።