ወደ ኩሬው ዙሪ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬም ባሌ ደሊን የሰው ፔርሙስ ይዞ መጣ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የራሱን ሰማያዊ ይዞ ወጣ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቀይ ይዞ ገባ። "ይሄ የማን ነው?" አልኩት። አየው... አየው... "የኔ ነዋ!" አለ። ክዳኑ ላይ የሴት ስም ተጽፎበታል!

ድሮ ቢሆን ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምጮኸው። አሁን ተከልክያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ሰውዬውን መርምሮ "የመርሳት በሽታ ነው፣ ገና ጅማሬው ላይ ነው" አለኝ። "እባክዎ አይቆጡት። ንዴትዎን ወረቀት ላይ ይጻፉት።" እሺ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ቀለለኝ? አልቀለለኝም።

ሌላም ነገር ብሏል። "የጠዋት እንቅስቃሴውን፣ ታይቺውን፣ እንዳያቆም። ከቤት መውጣት የተወ ቀን ነው ቁልቁለቱ የሚጀምረው።" ይሄ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ። ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቀው የኔን የደም ግፊት ለካ። ከሰውዬው በለጠ። ማን ለካኝ አለው?

ታይቺ... ሃያ ጡረተኛ ኩሬ ዳር ተሰልፎ አየር ይገፋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሄድ አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። እኔ ቤት ውስጥ የምገፋው ስንት ነገር እያለ!

እሑድ፣ ማርች 9

ልጃችን ኒንግ ከሼንዠን ከተማ ደወለች። ስለ አንጎል ቪዲዮ ልካልኛለች። አየሽው? አላየሁትም። "እማዬ፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ፣ ትንፋሽን መከታተል፣ አንጎል ውስጥ ትዝታ የሚቀመጥበትን ቦታ ያጠነክራል ይላሉ።"

"አባትሽ ሃያ ዓመት ሲንቀሳቀስ ኖረ። ታዲያ የታለ የጠነከረው?"

ከዚያ ቀስ ብላ "ባይንቀሳቀስ ኖሮስ... ይሄኔ የት ይደርስ ነበር?" አለችኝ። ወሬ ልቀይር ብዬ እዚያ ዝናብ አለ ወይ አልኳት። እሷ ግን አልተወችኝም።

"አንቺስ ለምን አትሞክሪውም? ለቁጣሽ ጥሩ ነው።" ስልኩን ዘጋሁባት።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ሻርፑን ረስቶ ወጣ፣ ላደርስለት ሄድኩ። ደግሞ ከማን እደብቃለሁ? ልሰልለው ነው የሄድኩት።

አቋቋማቸው ዘዴ አለው። ታይቺ ላይ ፊት የሚባል ነገር አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሲዞሩ የፊቱ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ አራቱ ማዕዘን ላይ አራት አዋቂ ይቆማል፣ ጀማሪው መሃል ይገባል። ወዴትም ቢዞሩ ጀማሪው አይቶ የሚከተለው ሰው አያጣም። የኔው ሰውዬ ማዕዘን ነው። እንዴት እንደሚያምርበት! ቤት ውስጥ ካልሲውን ፈልጎ የሚያጣ ሰው፣ እዚያ እጁን ሲያነሳ ሌላ ሰው ነው። ቆሜ አየሁት። ለደቂቃ ንዴቴን ረሳሁ።

ከዚያ እግራቸውን ወረወሩና ሁሉም ወደሱ ዞሩ። አሁን ፊት እሱ ነው። ቀጥሎ ወደ ኩሬው መዞር ነበረበት መሰለኝ። እሱ ወደ መናፈሻው ሽንት ቤት ዞረ። ሌሎቹ ማዕዘኖች ተያዩ። አስተማሪያቸው፣ መምህር ፋን፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ ወደ ሽንት ቤቱ ዞሩ። አንዱ ጀማሪ "ወደ ኩሬው አልነበር እንዴ?" ሲል፣ አጠገቡ ያለችው ሴት ክንዱን ቆነጠጠችው።

ሻርፑን ሳልሰጠው ተመለስኩ።

አርብ፣ ማርች 14

የቆነጠጠችው ሴት ቻይ ትባላለች። የቀዩ ፔርሙስ ባለቤትም እሷው ናት። አትክልት ተራ ያዝኳት፣ ፔርሙሷን ሰጠኋት፣ ከዚያ አፋጠጥኳት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኦክቶበር ጀምሮ።" ሽንኩርቷን ታገላብጣለች፣ ዓይኔን አታይም። "ምን እናድርግ እህት ዓለም? ሁላችንንም ያስተማረን ጋሽ ደሊን ነው። መምህር ፋንን ራሱን! ማን ደፍሮ ተሳሳትክ ይለዋል?"

"ስለዚህ ሃያ ሰው አብሮት ይሳሳታል?"

"ይሉኝታ ይዞን ነው እንግዲህ..."

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። መናፈሻው ሁሉ ያውቃል፣ እኔና እሱ አናውቅም። የባሰውን ደግሞ ስንለያይ ነገረችኝ። ለፒዮኒ አበባ በዓል ከሌሎች መናፈሻዎች ቡድኖች ጋር ሕዝብ ፊት ይቀርባሉ። መምህር ፋን ሰውዬውን ከማዕዘን አንስቶ መሃል ሊያስገባው ነው።

መሃል! ሰውዬው መሃል ያሉትን "ጎመኖቹ" ነው የሚላቸው። መሃል ቁም ያሉት ቀን ጫማውን አውልቆ ቤት ይቀመጣል። አውቀዋለሁ። ከዚያስ? ሐኪሙ ያለው ቁልቁለት...

ቅዳሜ፣ ማርች 15

መምህር ፋን ጋ ሄድኩ። መምህር ይሉታል እንጂ እሱም እንደኛው የፋብሪካ ጡረተኛ ነው። ስንት ዓመት ከሠራተኛ ምግብ ቤቱ መስኮት ሾርባ ጨልፌ ሰጥቼዋለሁ።

"ማዕዘኑን እኔ እይዘዋለሁ" አልኩት። "ባሌ ያስተምረኛል፣ በበዓሉ ቀን ከኋላዬ ይቆማል። ሰው ቢጠይቅ ሚስቱን ሊያርም ነው እንላለን። ማንም አይዋረድም።"

ሳቀ። ሳቀብኝ! "እትዬ ሱዩን፣ መጀመሪያ መቆም ይማሩ።"

"ከተወለድኩ ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት!"

"ሲሮጡ ነው የማውቅዎት። ቆመው አይቼዎት አላውቅም።"

ሰኞ፣ ማርች 17

ቆምኩ። እንደ ግንድ ነው መቆም። ጉልበት ለስለስ፣ እጅ በርሜል እንዳቀፈ ሰው። "ትንፋሽዎን ብቻ ይከታተሉ። ሐሳብ ሲመጣ ይለፍ ይበሉት።"

ሐሳብ መጣ። ጋዙን ዘግቻለሁ? ይለፍ አልኩት። አላለፈም። ዘግቼዋለሁ ወይስ አልዘጋሁትም? ከማዶ ደግሞ መናፈሻው ውስጥ በሙዚቃ የሚጨፍሩት ድምፅ ማጉያቸውን ለቀቁት። መምህር ፋን "እሱም ይለፍ" አለ። በጆሮዬ ነው እንዴ የሚያልፈው?

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ጋዙ ተዘግቷል።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ቆምኩ። ጉልበቴ! የአእምሮ ሰላም የሚሉት ይሄ ነው?

እሑድ፣ ማርች 23

ሰውዬው ወጥ ቤት ውስጥ እያስተማረኝ ነው። ጠረጴዛውን ገፋነው። ስጠይቀው መጀመሪያ እንዴት ሳቀ! "አንቺ? ታይቺ?" ከዚያ ሸሚዙን ቀየረ። ለወጥ ቤት! ለኔ!

ሲያስተምር ደግሞ ይጮኻል። "ትከሻሽን ጣይው! ትከሻ ነው እኮ ያልኩሽ፣ ጆሮሽ ላይ ሰቀልሽው!" "ሴትዮ፣ ዱቄት እያቦካሽ ነው እንዴ?" እሱ እንዳሻው ይቆጣል። እኔ አፌን ይዤ እቆማለሁ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነውና። ይሄ ፍርድ ነው?

ግን ዓይኑ በርቷል። ስንት ወር ሆነው እንዲህ ካየሁት...

ቅዳሜ፣ ማርች 29

እግር ከተወረወረ በኋላ ወዴት ነው የሚዞረው? ሐሙስ ዕለት ወደ መስኮቱ አለኝ። ዛሬ ወደ ፍሪጁ አለኝ።

"ሐሙስ ወደ መስኮቱ ብለኸኝ ነበር..." አልኩት ቀስ ብዬ።

"እኔ? በጭራሽ! ሃያ ዓመት ወደ ፍሪጁ ነው የዞርኩት።" መናፈሻው ውስጥ ፍሪጅ አለ? ደሜ ፈላ። "እሺ የኔ ጌታ" አልኩት። እሺ የኔ ጌታ! አርባ ዓመት እንዲህ ብዬው አላውቅም። ትኩር ብሎ አየኝ። ምን አሰበ?

ወደ ፍሪጁ ዞርኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

የሆነ ነገር ሆነ። ቆሜ ነበር። የኩሬው ውሃ ድምፅ ይሰማኛል፣ ከዚያ መምህር ፋን "በቃ፣ ጨርሰናል" አለ። የቱ ነው የተጨረሰው? ገና መጀመሬ ነበር። ጋዙን አላሰብኩም። ጨፋሪዎቹንም አልሰማሁም። ተኝቼ ይሆናል። ቆሞ መተኛት ይቻላል እንዴ? ፈረስ ይችላል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

"ልጅቷ ደወለች?" አለኝ። የትኛዋ ልጅ? አልኩት። "ልጃችን ነቻ..." ስሟ አልመጣለትም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። እጁ ግን አየር ላይ ያን የሚያምር ዙር እየሠራ ነበር፣ ስሟን ከዚያ ሊያወጣው የፈለገ ይመስል።

"ኒንግ" አልኩት። "ኒንግ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ንዴት ነው የምለው... ፍርሃት ነው። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ትቶኝ እንዳይሄድ ፈራሁ። ምን እንደማደርግ ሳጣ እንደ ግንድ ቆምኩ፣ እዚያው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ትንፋሼን ተከታተልኩ። ፍርሃቱ አልሄደም። ወጥቼ ኑድሉን ቀቀልኩ።

አርብ፣ ኤፕሪል 11

ሐኪሙ ግፊቴን ለካ። ወርዷል። ድጋሚ ይለካ አልኩት። ድጋሚ ለካው፣ ወርዷል። "ምን አደረጉ?" ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው! "ምንም" አልኩት። ለኒንግም አልነግራትም፣ ዕድሜ ልኳን ነው የምትሳለቅብኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ዛሬ ነገርኩት። ቅዳሜ በበዓሉ ማዕዘኑን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታየኛለህ። መሃል መሆኑን አውቋል? አላወቀም?

ሾርባውን አስቀመጠ። "አንቺ ማዕዘን ላይ?" አለ። "እሺ፣ ከኋላሽ ልቁም። ያለዚያማ ታዋርጂኛለሽ።"

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ!

ሕዝቡ ኩሬውን ከቦ ቆሟል። ፒዮኒው ሁሉ ፈክቷል። ሁላችንም ነጭ ለብሰናል፣ እኔ ማዕዘን፣ ሰውዬው ከኋላዬ፣ መሃል፣ ከጎመኖቹ ጋር። ጀመርን። ትከሻዬን ጣልኩ። ትንፋሼ ደህና፣ እጄ ደህና። እግራችንን ወረወርን፣ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አሁን ፊት እኔ ነኝ።

ወጥ ቤት እንደለመድኩት ዞርኩ። ወደ ፍሪጁ። ማለትም ወደ ሽንት ቤቱ!

ከኋላዬ የሚከተለኝ እግር ይሰማኛል፤ ይሉኝታቸው ለኔም ተረፈ። ያኔ ነው ከመሃል የጮኸው።

"ወደ ኩሬው! ሴትዮ፣ ወደ ኩሬው ዙሪ! ሽንት ቤት ልትገቢ ነው እንዴ?"

ቀጥ አልን። ሃያ ነጭ ለባሽ እግሩን አንስቶ ቆመ። እኔ ዞሬ አየሁት። እሱ በትክክል ወደ ኩሬው ዞሮ፣ እጁን በትክክል ዘርግቶ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል። ከዚያ ቻይ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ መምህር ፋን ሳቀ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔስ? ወደ ኩሬው ዞርኩ። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አላውቅም።

ትንሽ እንደሄድን ደግሞ እሱ ራሱ የግራ እጁን በቀኝ ተካ። ቻይ አፏን ይዛ አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩላት። "ጋሽ ደሊን፣ ግራ!" አለች። ያቺ ፈሪ! እሱ "አቤት፣ አቤት" አለና እጁን ቀየረ።

ከዚያ የበሬ ሥጋ ሾርባ ልንጠጣ ገባን፣ ሁለታችን ብቻ። ዳቦውን እየፈተፈተ ሳያየኝ ተናገረ።

"ስሳሳት ሁሉም አብሮኝ ይሳሳታል። አላየሁም መሰለሽ? ዞር ስል ይተያያሉ፣ ከዚያ ይከተሉኛል። ቤት ስመጣ አንቺም ተለሳልሰሽ ጠበቅሽኝ። እሺ የኔ ጌታ!" ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሱዩን፣ ሞቼ ይሆን እንዴ እል ነበር። ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው ለሬሳ ነው።"

"ሐኪሙ ነው አትቆጪው ያለኝ!"

"ሐኪሙ አግብቶሻል?"

እዚያው ጀመርኩለት። የሻርፑን፣ የካልሲውን፣ የፍሪጁን፣ ወጥ ውስጥ ሁለቴ የከተተውን ጨው፣ ሸሚዝ ቀይሮ ወጥ ቤት ውስጥ የጮኸብኝን። ሾርባ ሻጩ ዞሮ አየን። ሰውዬው ይስቃል፣ ይበላል፣ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ያዛል። ልጃችንን በስሟ ጠራት፣ "ኒንግ ብትሰማሽ" አለኝ። ነገ ይረሳው ይሆናል። ዛሬ ግን ጠራት።

ስንወጣ ከወንበሩ ሥር ፔርሙስ አነሳ። ቀይ።

"የማን ነው እሱ?!" አልኩት፣ ሰፈር እስኪሰማ።

አሁን ደብተሩን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ምን ልጻፍ? ሁሉንም ለሱ ነግሬዋለሁ።