በሌላ ሰው ፊት የታጨው የወንድማችን ድምፅ

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ለቀቀሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው፣ ወይስ ዛሬም መድኃኒታቸውን ትራስ ሥር እየደበቁ ያስቸግሩሻል? እኔ ቁመት እንጂ ሥጋ ባልጨምርም በአካል ደህና ነኝ። ሚጣም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ እያፏጨች ታስቃለች። እማዬና አባዬ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ቆመው ይሄዳሉ። «ደህና ናቸው» ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይኝ። በደወልሽ ቁጥር እማዬ ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች፤ ዙሪያውን ከበን «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ስንል ሂሳብሽ ያልቃል። ይህን ደግሞ እነሱ ፊት ማውራት አልችልም። የጎረቤታችን ልጅ ነርሷ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። እስከ ዓርብ አደርስላታለሁ ብላ ምላለች። መሐላዋን ታውቂዋለሽ፤ ግን ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ነገሩ የጀመረው የፊልም ሽልማቱ እጩዎች የተነገሩ ዕለት ነው። «ይሄ ልጅ ዛሬም ፊልም ፊልም ይላል፣ ሐዘንም አላስተወው» ትይ ይሆናል። እስኪ ታግሰሽ ጨርሺው።

እኔና ወንድማችን፣ ጆሮ እያልን የምንጠራው፣ በየዓመቱ እጩዎቹ ሳይነገሩ በፊት እንወራረድ ነበር። የተሸነፈ የአሸናፊውን ካልሲ እስከሚቀጥለው ሽልማት ያጥባል። የወንድማችንን ካልሲ ስታውቂው ውርርዱ ቀላል እንዳልነበረ ይገባሻል። ዘንድሮ የምወራረደው ሰው የለም። እሱ ካረፈ ወዲህ ቴሌቪዥናችን በጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን አባዬ ራሱ ጨርቁን አንስቶ «ክፈተው። እሱ ቢኖር ይከፍተው አልነበር?» አለኝ። ጆሮ የመጨረሻ ሥራው የነበረው ፊልም እንደሚታጭ ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ድምፅ የቀዳው እሱ ስለሆነ፣ በድምፅ ዘርፍ ስሙ ሲጠራ መስማት ፈልገን ነበር።

አልተጠራም። ፊልሙ በምርጥ ፊልም ታጨ፣ በምርጥ መሪ ተዋናይ ታጨ፣ በአልባሳት እንኳን ታጨ። በድምፅ ዘርፍ ግን መኪና የሚፈነዳበትን ፊልም፣ ሕንፃ የሚፈርስበትን ፊልም እና ሰዎች ከዳር እስከ ዳር የሚጮኹበትን ፊልም ደረደሩ። ጆሮ «እነዚህ ሰዎች ካልደነቆሩ የሰሙ አይመስላቸውም» ይል አልነበር? በንዴት ወንበሩን በቡጢ ስመታው ሚጣ ደንግጣ አለቀሰች። እማዬ ኩሽና ውስጥ ስለነበረች፣ አለመጠራቱን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳሰላስል ነበር የመሪ ተዋናዮቹ ተራ የደረሰው።

ከእያንዳንዱ እጩ ፊልም ትንሽ ቆርጠው ያሳያሉ። የእኛው ፊልም መሪ ተዋናይ፣ ያ መልከ መልካሙ፣ በር ላይ ቆሞ ፊቱን አኮሳትሮ «ውሃው ፈልቶ አለቀ እኮ! እዚህ ቤት ሰው የለም?» አለ።

እማዬ ከኩሽና «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ!» አለች።

እትዬ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ድረስ መጣች። መጥታ እኛን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ የማታውቀውን ሰውዬ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አንቺም አታውቂምና ልንገርሽ። ፊልሙን የቀረጹት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው። ጆሮ «ወፍጮው ንግግሩን ይበላብናል» ብሎ ለምኖ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን የቦታውን ብርሃን ወዶት እምቢ አለ። እንደፈራው የመሪ ተዋናዩ ንግግር ከወፍጮው ጋር አብሮ ተፈጨ። እንደገና ስቱዲዮ ገብቶ ይናገር ሲባል ተዋናዩ ለሌላ ሥራ ባሕር ተሻግሯል። ፊልሙ የሚታይበት ቀን ደርሶ ስለነበር፣ ንግግሩን ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ከርሞ በቃሉ የያዘው ጆሮ ገብቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረለት። እኔ ያወቅኩት ሲኒማ ቤት አብረን ስናይ ነው። ሰውዬው አፉን በከፈተ ቅጽበት ወደ ጆሮ ዞሬ ስቀር ጭኔን ቆነጠጠኝና «አፍህን! ለእማዬም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል። የሰው ፊት ተውሼ ነው የምናገረው» ብሎ ሳቀ። ምስጢሩን ለዳይሬክተሩ ቃል ገብቶለት ነበር።

የወንድማችን ነገር ይገርማል። ሥራው ድምፅ ሆኖ የራሱን ድምፅ ግን የትም አላስቀረም። ለአንቺ እንኳን የድምፅ መልእክት ላክ ሲባል «በዚህች ስልክ ማይክ እኔ አልቀዳም፣ ስሜ ይጠፋል» ብሎ ይጽፍልሽ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እሱ የሚሰማው በዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ብቻ ነው።

እጩዎቹን እስከ ሽልማቱ ዕለት ድረስ በየፕሮግራሙ መሐል በማስታወቂያ ይደጋግሟቸዋል። ቤታችን አሁን ሰዓት የሚቆጥረው በዚህ ማስታወቂያ ነው። እማዬ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ትታለች፤ ጩኸቱ ያሳልፍብኛል ብላ ነው። ደንበኞቿ በር እያንኳኩ «ቀሚሴስ?» ሲሏት «ነገ» እያለች ትመልሳቸዋለች። ቴሌቪዥኑ ፊት ግን አትቀመጥም። ኩሽና ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ ድምፁ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። በስልኬ ቀድቼ ብሰጣት ሁለተኛ አልሰማም አለችኝ። «ከስልክ ሲወጣ የሞተ ነው። ከዚያኛው ክፍል ሳላስበው ሲጠራኝ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

አባዬ ደግሞ ማስታወቂያው ሊጀምር ሲል ኮቱን አንስቶ ይወጣል። የአውቶቡስ ፈረቃው ካለቀ በኋላ እንኳን ቤት መግባት ትቶ ሰፈሩን ይዞራል። አንድ ቀን ድምፁን ብቀንሰው እማዬ ከኩሽና «ማነው የዘጋብኝ?» ብላ ጮኸች፤ ከፍ ሳደርገው አባዬ ከበር «ልጄን በሌላ ሰው አፍ አታሰሙኝ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም እኔ ላይ ነው የጮኹት። እርስ በርሳቸው ስለዚህ ነገር አይነጋገሩም። በመሐላቸው የርቀት መቆጣጠሪያውን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤትም እፎይታ የለኝም። ክፍላችን ውስጥ ፊልም ሁሉ እሱ ካላጸደቀው ፊልም የማይመስለው፣ «ዳኛው» የምንለው ልጅ አለ። እረፍት ላይ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «ስሙ እንጂ! የዚያ ሰውዬ ድምፅ ብቻ ሽልማቱን ይወስዳል። አንተ ፊልም አውቃለሁ ባዩ፣ ምነው ዘንድሮ አፍህ ተሰፋ?» አለኝ። ምላሴን ነከስኩ። እውነቱን ብትጠይቂኝ ሽልማቱ የሚገባው ለሌላ ሰው ነው፤ የባቡር ጣቢያ ጠባቂ ሆነው ለሠሩት ሽማግሌ። ፊልሙን በሙሉ ብዙም ሳይናገሩ በጣቶቻቸው ብቻ አስለቅሰውኛል። ጆሮም ሳይሞት በፊት «ዘንድሮ የሽማግሌው ነው፤ የእኛ ቆንጆ ከግማሽ በላይ እኔ ነኝ፣ እኔን ደግሞ ማን ያጨኛል» ብሎኝ ነበር።

የባሰውን አሁን ልንገርሽ። የጆሮ ድምፅ የተቀዳበትን ባገኝ ብዬ ስቱዲዮ ሄድኩ። አብሮት ይሠራ የነበረው ኤዲተር አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ግን ወንበር ስቦልኝ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ አልደብቅህም። ተዋናዩ ተመልሷል። ፊልሙን እንደገና በራሱ ድምፅ ተናግሮ ጨርሷል። ከሽልማቱ በኋላ ለሽያጭ የሚወጣው ያኛው ነው። የጆሮ ያለበት ሲኒማ ቤት የታየውና ለዳኞቹ የሄደው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱንም ፕሮዲውሰሩ ቆልፎበታል።» ቢያሸንፍስ አልኩት። ሳቅ አለና «ካሸነፈማ ማን ይነካዋል? የተሸለመ ድምፅ አይቀየርም፤ እንዳለ ይሸጣል» አለኝ። ሄደን እውነቱን ብንናገርስ ስለው ፊቱ ጠቆረ። «እጩነቱ ይሰረዛል። ማስታወቂያውም በዚያው ቀን ይወርዳል። ድምፁን ከዚያ በኋላ የትም አትሰማውም» አለኝ።

ይኸውልሽ እንግዲህ። እውነቱን ከተናገርን የወንድማችን ድምፅ ይጠፋል። ዝም ካልን ሌላ ሰው ይሸለምበታል። ያ ሰውዬ ካልተሸለመም ይጠፋል። ዳኞቹ ፍርዳቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ የማደርገው ነገር የለም። እንድጸልይ እንኳን ብትይኝ፣ ለሽማግሌው ልጸልይ ወይስ ለእማዬ?

ይህን ለሁለቱም ነገርኳቸው። ቢደበቅ የሚሻል መስሎኝ ነበር፣ ግን ብቻዬን መሸከም አቃተኝ። እማዬ «ይሸለምበት። እሰይ፣ ይሸለምበት! እኔ ዋንጫውን ምን ላደርገው?» አለች። አባዬ ግን እንደሱ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «በቁሙ ስሙን ነፈጉት፣ ሞቶ ድምፁን ይውሰዱት? ሄጄ እነግራቸዋለሁ!» አለ። እማዬ እግሩ ላይ ወደቀች። እትዬ፣ እናታችን ሰው እግር ላይ ስትወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? አነሳት፣ ግን ሐሳቡን አልቀየረም።

ትናንት ጠዋት ፈረቃውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ የሽልማቱ አዘጋጆች ቢሮ ሄደ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ማስታወቂያው የሚወርድበትን ሰዓት ስትጠብቅ ዋለች። እኔም ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ እሷን ጥዬ መሄድ ፈራሁ። ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር «አልሄደም፣ አለ ገና» ትላለች።

አባዬ ከሰዓት ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ በቀጥታ ኩሽና ገባ። እንደ ነገራት፣ የቢሮው ጸሐፊ ይጠብቁ ብላ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ማስታወቂያው ሲመጣ ሊነሳ ሲል ግራና ቀኙ ሰው ሞልቶ መውጫ አጣ። ስለዚህ የተዋናዩን ፊት ሳያይ ድምፁን ሰማው። እስከ መጨረሻው ሲሰማው የመጀመሪያው ነው። እማዬን «ይቆጣል እኮ። ልክ እንደሚቆጣው ነው የሚቆጣው» አላት። እሷም «ነግሬህ አልነበር?» አለችው። ጸሐፊዋ ስሙን ስትጠራው ተነስቶ «ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ቢሮ ፈልጌ ነው» ብሎ ወጥቷል።

አሁን አባዬ ወንበሩን ኩሽና አስገብቷል። ሁለቱ እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ ሽንኩርት እየላጠ እሷ ሩዝ እየለቀመች ይጠብቃሉ። ታርቀዋል ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እንዴት ደስ ይበለኝ? ቅዳሜ ፖስታው ይከፈታል፣ የሽማግሌው ስም ይጠራል፣ እኔም እንደ ፊልም አዋቂ «ትክክል ነው» እላለሁ። ከዚያ እሑድ ማስታወቂያው አይኖርም። ሁለቱ ግን እዚያው ኩሽና ተቀምጠው የሚጠብቁ ይመስለኛል፤ ምን ብዬ ከዚያ እንደማስነሳቸው አላውቅም። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስተምራል?

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኝልኝ ሳይሆን አድርጊልኝ እልሻለሁ። አሮጊቷን አስፈቅደሽ እሑድ ጠዋት ደውይ። ማን አሸነፈ ብለሽ አትጠይቂ፤ ስለ ሽልማቱ አንድም ቃል አታንሺ። እማዬን ቀሚሶቹ ለምን ዘገዩ ብለሽ ተቆጪያት። አባዬን ተቆጪው። እኔንም ትምህርት ቤት ለምን ቀረህ ብለሽ ስደቢኝ፤ እንደ ድሮው ጮክ ብለሽ። ሂሳብሽ እስኪያልቅ ተቆጪን።

እማዬ ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ስካርፉን ሠርታ ጨርሳለች፣ ነርሷ ይዛልሻለች። አባዬ «በርቺ፣ ራስሽን ጠብቂ» ይልሻል፤ ይህን ሲል ድምፁ እንደሚሰበር ስለሚያውቅ በእኔ በኩል ነው የላከው። ሚጣ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ልትልክልሽ ነበር፣ ከለከልኳት፤ አኩርፋለችና ስትደውይ ጥርሱ ደርሶኛል በያት። አሮጊቷንም ሰላም በይልኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከሳሎኑ
ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን