ለሰላጣ የገዛሁት አቼቶ

ልጄ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ድካሙ ብቻ ነው። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ተበጥሶ ሳምንቱን ሙሉ በእጄ ስሰፋ ሰነበትኩ።

አክስትሽን ለማህፀን በር ምርመራ ወስጃት ነበር። ነርሷ አቼቶ ስትቀባት ነጭ ነገር ታየ። «ካንሰር አይደለም፤ ዝም ከተባለ ግን ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ይምጡና በሙቀት እናክመዋለን» አለቻት። ይህቺ እህቴ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «ያገኘው አቼቶው ከሆነ የሚያጠፋውም እሱው ነው» ብላ ለሰላጣ የገዛሁትን ጠርሙስ ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች! በሩን ደብድቤ አስከፍቼ ነጠቅኳት። «እሱ ማሳያው ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም» ብላት ማን ይስማኝ። «ምኔን አመመኝና ነው የምታከመው?» ትለኛለች።

ስንጨቃጨቅ ቆይተን «ለመሆኑ አንቺ ራስሽ መቼ ታይተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ አንድም ቀን ታይቼ እንደማላውቅ አመንኩላት። «አብረሽኝ ካልታየሽ ንቅንቅ አልልም» አለች። ምን ላድርግ፣ እሺ አልኳት።

አንቺም እዚያ ታይተሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ የኔ እናት። ማክሰኞ በማለዳ ደውይልን። እሷ መታከሙን ፈርታለች፣ እኔ ደግሞ መታየቱን፤ ከቤት ስንወጣ ማን ማንን እንደሚጎትት እንጃ። ደጉን ያሰማን።

እናትሽ