ቶሎ የተለቀቀ አልጋ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2006፣ ጁባ

ዳንኤል ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። ለገና ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊገባ ነው፤ የውሃ ቦቴውን ለሸሪኩ ለቆለታል። "ነርሲንግ ከጀመርሽ ትቀሪያለሽ። ካልጀመርሽ አብረን ነን። ብቻሽን ትቼሽ ገብቼ እናታችንን ምን ልበላት?" ታላቅ ወንድም ነው፣ ምን ይደረጋል። እኔ ግን ሀይ ጀላባ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ መድኃኒት ማቀበል ሰልችቶኛል። መርፌውን ራሴ መውጋት ነው የምፈልገው!

ያሉኝ ምርጫዎች፦

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፦ በደንብ ያስተምራል፤ ወረፋው ግን ለከርሞም አይደርሰኝ።

ካምፓላ፦ ዳንኤል ስሟን ስጠራ ብቻ ፊቱ ተለወጠ። ቀረ።

ጁባ ና ባሪ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ያለው የግል ትምህርት ቤት፦ ኛማል የገባችበት። ገና መጀመራቸው ስለሆነ ቦታ ከተገኘ ይቀበላሉ።

ኛማል መዘምራን ውስጥ አጠገቤ የምትቆም ልጅ ናት። አገሯ እዚህ ቢሆንም ያደገችው ጋምቤላ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ነገ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ሄድኩ። አቧራው ፀጉሬን ቀይ አድርጎታል። መዝጋቢዋ ማዳም ግሬስ ደህና ሴት ናት፤ ስልኬን ጻፈችና "ወረፋው ረጅም ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ" አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ የት፣ ጁባ የት!

ኛማልን ዶርሙ በር ላይ አገኘኋት። ያ ሳቋ የለም። ምግቡ እንዴት ነው ስላት "የአባትሽ መንደር የት ነው እያሉ ይጠይቁኛል" አለችኝ። ምን አገናኘው? ደወል ተደወለና ገባች። ናፍቆት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ዶርም አዲስ ለገባ ሰው ይከብዳል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ተሳካ! ማዳም ግሬስ ራሷ ደወለች። "ሰኞ መጥተሽ ተመዝገቢ። አራት አልጋ ተለቋል።" ልጆቹ ለምን ወጡ ብላት "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ብቻ አንቺ ነይ" ብላ ዘጋች።

ፋርማሲው ውስጥ ጮህኩ። ባለቤቱ ሐጂ ሙሁዲን "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ቀጥለው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እዚህ አገር የቤንዚን ሰልፍ በአንድ ጊዜ ሲያጥር ቤንዚኑ አልቋል ማለት ነው። ሰዎቹ ለምን እንደወጡ ጠይቂ።" ሽማግሌ ክፉ ክፉውን ማሰብ ይወዳል አልኩ በልቤ። እሳቸው ራሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ ዱቄትና ዘይት እያስጫኑ ወደ ቤታቸው ሲልኩ አየሁ።

ወደ ሰፈራችን ኒምራ ታላታ ስመለስ መንገዱ ላይ ወታደር በዝቷል። ማታ መዝሙር ልምምድ ላይ ኛማል አልመጣችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬ አፍሬ ነው የምጽፈው።

ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሲባል ተነሥቼ ወጣሁ። "ዓመት ጠብቂ ያሉኝን ጌታ በሁለት ቀን በሩን ከፈተልኝ! አራት አልጋ አስለቀቀልኝ!" አልኩ። እልልታው ቤቱን ሞላው። ሦስተኛው መደዳ ላይ ግን የኛማል እናት፣ እትዬ ማርታ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አላጨበጨቡም።

ስንወጣ በር ላይ ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ካስለቀቀልሽ አንዱ የልጄ አልጋ ነው" አሉኝ። ክፍል ውስጥ ጎሳ እየለዩ መቀመጥ ተጀምሮ ነበር አሉ። አንዷ ተማሪ ኛማልን "ልብስሽን ሰብስቢ፣ ክፉ ነገር ይመጣል" ብላ መከረቻት። ዓርብ ጠዋት የእነርሱ ወገን የሆኑት አራቱም ወጡ።

እግዚአብሔርን በሰው መከራ አመሰገንኩት። እንዴት ሰው ልጠይቅ አይልም?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ከትናንት ማታ ጀምሮ ተኩስ ነው። መጀመሪያ ርችት መስሎን ነበር፤ ቀጥሎ ከባድ መሣሪያ መጣ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። መሬት ላይ ተኝተናል። ዳንኤል ፍሪጁን በሩ ላይ ገፍቶ አስደግፎታል።

ዛሬ መመዝገቢያዬ ነበር።

ጎረቤታችን በአጥር በኩል "ወታደሮች ቤት ለቤት እየገቡ የሰውን ጎሳ ይጠይቃሉ" አለን። የኛማል ስልክ አይሠራም። የእናቷም አይሠራም። ጌታ ሆይ፣ እባክህ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ተኩሱ ቀንሷል። ውሃ የለም። አውሮፕላን መብረር ጀምሯል ተብሎ ዳንኤል ወጥቶ ለነገ ሁለት ቦታ ይዞ መጣ። እንዴት እንዳገኘ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መንገድ ላይ ያየውን አልነግርሽም አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እትዬ ማርታ! ሰዉ ከተጠለለበት ግቢ ውስጥ ናቸው። "ኛማል አብራኝ ናት። አለን።" አለቀስኩ፤ ስለ እሑዱ ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጡኝ።

"ተይው ልጄ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ገብተሽ እንደሆነ አልጋዋን ለሌላ እንዳይሰጡባት። እስክትመለስ ያዢላት።"

አልተመዘገብኩም ልላቸው ነበር። አፌ ግን "እሺ እትዬ፣ እይዝላታለሁ" አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ዳንኤል ጓዳ ሆኖ ልብሶቼን እያጠፈ ነው። ጠዋት በጊዜ ነው የምንወጣው ይላል። ለእትዬ ማርታ እሺ ማለቴን ገና አልነገርኩትም።