ጨው አይተንም

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ከክሊኒኩ ሥራሽ ስትወጪ ጫማሽን አውልቀሽ፣ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አትደንግጪ፣ ማንም አልታመመም። እማዬም ደህና ናት። ግን ባለፈው ደብዳቤዬ «አምስቱም ደህና ናቸው» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ያን ስጽፍልሽ አንዱ ከሞተ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

የሞተው ሆዳሙ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ በማዕድን ማውጫው ክሊኒክ ልትሠሪ ስትሄጂ ክፍልሽን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን የጨው ውሃ አኳሪየምና በውስጡ የሚኖሩትን አምስቱን ዛጎሎችሽን ለእኔ ተውሽልኝ። ይቅር በይኝና፣ መጀመሪያ ንቄያቸው ነበር። ዓሣ ቢሆን ይዋኛል። እነሱ ሁለቱን ክዳናቸውን ገጥመው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይውላሉ። እማዬ በበሩ ባለፈች ቁጥር፣ «አራት ዓመት ያስተማርኩሽ ድንጋይ እንድትጠብቂ ነው?» ትለኛለች።

«ድንጋይ አይደሉም እማዬ፣ ይተነፍሳሉ።»

«እንግዲያው ሥራ ፈልጉ በያቸው። ለዚህ ቤት አንድ ሥራ ፈት ይበቃዋል።»

አንድ ቀን ጠዋት የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ቀና ስል፣ ከአሸዋው ላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ብቅ ብለው አየሁ። ዛጎሉ በአንዱ ውሃ ይስባል፣ በሌላው ይተፋል። የተውሽልኝን አረንጓዴ ፈሳሽ ምግባቸውን ጠብ አደረግኩና አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሰዓት ያዝኩ። የደፈረሰው ውሃ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ኩልል አለ። ማመልከቻው ሳይላክ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ለምን ይዘጋሉ? ያለ ዓይን በምን አወቁ? ስም ያወጣሽላቸው ለምን እንደሆነም የገባኝ ያኔ ነው። ሆዳሙ ምግብ ሳይደርሰው ይከፍታል፤ አፋሯ ሁሉም ከከፈቱ በኋላ፣ ያውም ማንም እንዳላያት ሆና።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሽልኝ ወረቀት «ውሃው ሲጎድል ሙዪው» ይላል። በምን እንደምሞላው አይልም። ለኬሚስትሪ ምሩቅ ይህን መንገር ስድብ ነው ብለሽ ይሆናል። እኔ ደግሞ የባሕር ፍጥረት ናቸውና የባሕር ውሃ ይገባቸዋል አልኩ። በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል የሚጎድለውን፣ ጨው በባልዲ እየበጠበጥኩ፣ በጥንቃቄ እየመዘንኩ ሞላሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ። እየተንከባከብኳቸው መስሎኝ እያንጎራጎርኩ ነበር እኮ የምሞላው!

ቀስ በቀስ መከፈት ቀነሱ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሆዳሙ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጠበቀኝ። ደስ አለኝ። ርቦታል ብዬ ምግብ ጨመርኩለት። በማንኪያ ጫፍ ስነካው ግን አልዘጋም። ሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት «አምስቱም ደህና» ብዬ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤ የሚያደርሰው መኪና በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ሌላ ሆዳም እተካለሁ፣ አታውቅም አልኩ። በሳምንቱ ረቡዕ የሆዳሙን ፎቶ ይዤ የአኳሪየም ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ሽማግሌ፣ ታውቂያቸዋለሽ።

«ልክ ይህን የሚያክል፣ በቀኝ ክዳኑ ላይ ቡናማ መስመር ያለው…» አልኳቸው።

«የሰው ገድለሽ ልትተኪ ነው?» አሉኝ ሳልጨርስ።

«እንዴት አወቁ?»

«ገዢ የሚያምር ስጠኝ ይለኛል እንጂ መስመሩ በቀኝ ይሁን አይለኝም። የሚጎድለውን ውሃ በምንድን ነው የምትሞዪው?»

«በጨው ውሃ ነዋ።»

መነጽራቸውን አደረጉና አዩኝ። «ምንድን ነው የተማርሽው፣ ልጄ?»

«ኬሚስትሪ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚተነው ውሃው ነው። ጨው አይተንም። የቀረው ጨው ላይ ሌላ ጨው ስትደርቢባቸው ነው የከረምሽው።»

እታለም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን እኮ በፈተና ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ!

«ሌላ አልሸጥልሽም» አሉኝ። «እዚያ ውሃ ውስጥ የምጨምረው ነፍስ የለኝም። ይልቅ ይህን የጨው መለኪያ ውሰጂና ቀስ ብለሽ አቅጥኚው። ብትቸኩዪ የቀሩትን ትጨርሻቸዋለሽ።»

ቤት ገብቼ ለካሁት። በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም መሆን የነበረበት ጨው አርባ ሦስት ሆኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ጆግ ጨዋማውን አወጣለሁ፣ አንድ ጆግ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ አስገባለሁ፣ እጽፋለሁ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ከአኳሪየሙ አንድ ማንኪያ ውሃ በሰሃን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ሲመሽ ነጭ ቅርፊት ብቻ ቀረ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። በጣቷ ነክታ ቀመሰችና፣ «ለዚህ ነው ዲግሪው?» ብላ ሄደች።

ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። መለኪያው ሠላሳ ስድስት ይላል። ሦስቱ ቱቦዎቻቸውን አውጥተዋል። አፋሯ ግን እንደተዘጋች ናት። ሽማግሌው፣ ጥብቅ ብላ እስከዘጋች ድረስ ነፍስ አላት ይላሉ። በየሰዓቱ ሄጄ አያታለሁ።

መኪናው ነገ ይነሳል። እማዬ፣ «ተይ፣ አፋሯ ትክፈትና ያኔ ትጽፊላታለሽ። እዚያ ርቃ ያለችውን ለምን ታስጨንቂያታለሽ?» ትለኛለች። ልሰማት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ደህና ደህናውን ብቻ ከጻፍኩልሽ ግን ያንኑ ያለፈውን ደብዳቤ ደግሜ መላኬ ነው።

ሽማግሌው እስክትመለሽ አራቱን በአደራ ሊይዙልሽ ፈቅደዋል። «ውሰጃቸው» ካልሽ መልስሽ በደረሰኝ ቀን በባልዲ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ አንድ ቃል አልመልስልሽም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን እዚሁ ቢቆዩ እወዳለሁ። ልክስሽ ብዬ አይደለም፤ ለሆዳሙ ካሣ የለም። አፋሯ በስንተኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ቱቦዋን አስቀድማ እንደምታወጣ ማየት ስለምፈልግ ነው። ካላወጣችም፣ ያንንም ማየት ያለብኝ እኔ ነኝ።

ሆዳሙን የገደለችብሽ፣
የምትወድሽ ታናሽሽ