ሦስተኛዋ ነጥብ

እማዬ፣ እናት ዓለም፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ ዶራ ሰፈር ባለችው ክፍላችን በረንዳ ላይ፣ አንቺ ትቀመጪባት በነበረችው ዱካ ላይ ሆኜ ነው። የተከልሽው በሶብላ ጣሳውን ሞልቶ ከብረቱ አጥር ውጭ ተንጠልጥሏል። አጠጣዋለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽና አንዳንዴም እረሳዋለሁ። አልጋሽ ላይ አንዲት የሐረር ልጅ ገብታለች። ታንኮራፋለች፣ ግን አንቺን አታህልም።

ዶሮ ሲታረድ ከቤት የምትጠፋው ልጅሽ አሁን አምቡላንስ ላይ ትሠራለች ብልሽ ታምኛለሽ? በሳምንት ሦስት ጠዋት በበጎ ፈቃድ እወጣለሁ፣ በቀሩት ቀናት ቤት አጸዳለሁ። የተቀበሉኝ ለቋንቋዬ ብለው ነው። የእኛ ልጆች ወረቀት ስለሌላቸው ታመውም በር አይከፍቱም፤ በራቸው ላይ አማርኛ ሲሰሙ ግን ይከፍታሉ። የሰጡኝ ብርቱካናማ ሰደርያ ይሰፋኛል። አንቺ ብትኖሪ አስጠብቢው እያልሽ መውጫ መግቢያ ታሳጪኝ ነበር።

ወደዚህ አረብ አገር ልትመጪ ሳምንት ሲቀርሽ መርሳ ገበያ ወስደሽ ያስነቀስሽኝ ቀን ሰሞኑን ከዓይኔ አይጠፋም። ስድስት ዓመቴ ነበር። በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ትንሽ መስቀል፣ ከሥሯ ሦስት ነጥብ። ሁለቱን ቻልኩ። ሦስተኛዋ ላይ እጄን መንጭቄ ስወስድባት ነጥቧ ከመስመር ወጥታ ወደ አውራ ጣቴ ሸሸች። ነቃሿ ተቆጣች፣ እኔ አለቀስኩ። አንቺ ግን አጠገቧ ቁጭ አልሽና የራስሽን ቀኝ እጅ ዘረጋሽላት፤ ልክ እንደ ልጄ አድርጊልኝ፣ ጠማማዋንም እንዳትተዪ አልሻት። ሴትዮዋ አውቄ ሥራዬን አላበላሽም ብላ ስንት አስለመነችሽ። ፊትሽ ቢለወጥብኝ በዚህ አውቅሻለሁ ብለሽኝ ሄድሽ።

ደግሞም በጠማማዋ ነጥብ አወቅሽኝ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ እኔም አሽራፊዬ ሰፈር ሰው ቤት ለሥራ ስገባ፣ በመጀመሪያዋ እሑዴ ከሰፈሩ የድንጋይ ደረጃ ሥር ቀጠርሽኝ። ፎቶ ተላልከናል፤ ነገር ግን ማዳሜ እሑድም አታውልቂው ያለችኝ የሥራ ልብስ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ አድርጎኝ ሁለት ጊዜ አልፈሽኝ ሄድሽ። ሦስተኛው ላይ ቆምሽና ሰላም እንኳ ሳትይኝ ቀኝ እጄን አንስተሽ አየሽ። ፊቴን ቀና ብለሽ ያየሽው ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠን በፌስታል ያመጣሽውን መንኡሼ የሚሉትን የቀዘቀዘ ቂጣ ተካፍለን በላን። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ኋላ እኔም ከማዳሜ ቤት ወጥቼ ዶራ ካንቺ ጋር ገባሁ።

እኔም አንቺን ያገኘሁሽ በዚያችው ነጥብ ነው። በተለያየንበት ጠዋት ጀማይዜ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤት ልታጸጂ ስትሄጂ መንገድ ላይ ወደቅሽ። ፓስፖርትሽ ጥለሻት ከወጣሽው ማዳም ጋር እንደቀረ ነው፤ ስምሽን የሚናገር ወረቀት አልያዝሽም። ሁለት ቀን ሙሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞርኩ። በመጨረሻው ላይ መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ከአምቡላንስ የመጣ ቅጽ አነበበልኝ። ስም፣ አይታወቅም። ዜግነት፣ አይታወቅም። ልዩ ምልክት በሚለው ቦታ ግን፣ ብዙዎች ባዶውን በሚተዉት ቦታ፣ ቀኝ እጅ ላይ መስቀልና ሦስት ነጥብ፣ ሦስተኛዋ ወደ አውራ ጣት የሸሸች ይላል። ያቺ መስመር ባትጻፍ ኖሮ ዛሬ የት እንደተቀበርሽ አላውቅም ነበር።

የጻፈውን ሰው ላመሰግን ሄጄ ነው እዚያው የቀረሁት። አቡ ጃድ ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሾፌርም የቡድን አለቃም ነው። አላስታወሰሽም። ስንት ሰው አንስቷል፣ አልተቀየምኩትም።

ባለፈው ወር ታዲያ አምቡላንሱን ከሚያስተዳድረው ኮሚቴ መመሪያ መጣ። አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ሰው ፊቱ፣ አንገቱና እጁ ላይ የሚታይ ንቅሳት ካለው ይሸፍን፣ ወይ ያስጠፋ፣ ወይ ከመኪናው ወርዶ ቢሮ ስልክ ይቀበል ይላል። በሽተኛ እንዳይደነግጥ ነው አሉ። ክንዳቸው ላይ ዘንዶና የራስ ቅል ያስነቀሱ ልጆች አሉን፤ እነሱ እጅጌያቸውን አወረዱና ተገላገሉ። እኔ ምኑን ላውርድ? አቡ ጃድ ፊቴን ሳያይ፣ ያኒ ምን ላድርግ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ከላይ የመጣ ነው ብሎ ፕላስተር ሰጠኝ። ካርቶኑ ላይ የቆዳ ቀለም ተብሎ ተጽፏል። የማን ቆዳ እንደሆነ አይልም፤ የማዳሜን ይመስለኛል። እኔ እጅ ላይ ሲለጠፍ ከሩቅ ያበራል። ነጥቦቼን ልብ ብሎ የማያውቅ በሽተኛ ሁሉ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ እጅሽን ምን ሆንሽ ይለኝ ጀመር።

አትቆጪኝ፣ ሲሰለቸኝ በሌዘር ላስጠፋው ቀጠሮ ያዝኩ። ከመኪናው እንዳልወርድ ፈርቼ ነው። በስልክ በር አይከፈትም።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ በሕልሜ አየሁሽ። የአሽራፊዬ ደረጃ ነው፤ ግን ማለቂያ የለውም፣ ታችኛው ጫፉ መርሳ ገበያ ይገባል። ነፋሱ በሶብላ በሶብላ ይሸታል። በየደረጃው እኔን የሚመስሉ ልጆች ቆመዋል፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት የሥራ ልብስ ለብሰናል። አንቺ ከታች ትወጫለሽ፣ አትቸኩዪም። የእያንዳንዷን ቀኝ እጅ አንስተሽ ታያለሽ፣ ቀስ አድርገሽ መልሰሽ ታስቀምጫለሽ። እኔ ጋ ደርሰሽ እጄን አነሳሽው። ፕላስተሩ ነበረበት። እንደ ሌሎቹ ቀስ አድርገሽ መለስሽልኝና ወደ ላይኛው ደረጃ አለፍሽ። 

ነቅቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ቀጠሮውን ተውኩት። በማግስቱ ሆስፒታሉ የሰጠኝን የዚያን ቅጽ ቅጂ ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ አውጥቼ ለአቡ ጃድ አሳየሁት። የእጅ ጽሑፉን አወቀው። ደጋግሞ አነበበና እጄን አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ኮሚቴው መመሪያውን አልለወጠም። እሱ ግን ተሟግቶ አንድ ነገር አስፈቀደልኝ፤ ተራዬ እስኪያልቅ ጓንቴን ካላወለቅኩ መኪናው ላይ መቆየት እችላለሁ። በዚህ ሙቀት እጄ ሲውል እንደ ልብስ አጣቢ እጅ ይጨማደዳል። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ከዚያ የእኔን ካርድ ከመሳቢያው አወጣ። እኛም ብንሆን ወጥተን ልንቀር ስለምንችል የሁላችንም መረጃ ይያዛል። ልዩ ምልክት የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። እዚያው እንደቆመ ጻፈበት፤ መስቀል፣ ሦስት ነጥብ፣ ሦስተኛዋ ወደ አውራ ጣት የሸሸች። አንድ ነገር ብሆን ማን መጥቶ ያነበዋል ልለው ነበር። ካርዱን ተቀብዬ ራሴ ወደ መሳቢያው መለስኩት።

አልረሳሽም፣ እማዬ። እኔ ልርሳሽ ብል እንኳ እጄ እሺ አይለኝም። ዛሬ ተራዬን ጨርሼ ገብቻለሁ፣ ጓንቴን አውልቄ ታጥቤያለሁ። አሁን ትንሽ ጋደም ልል ነው፤ ቀኝ እጄን ከአንሶላው ውጭ አድርጌ።

ልጅሽ