አቶ ደልመር ኦስጋርድ፣ ጀልባቸውን ያለ ገፊ ያስጠጉ የነበሩ

አቶ ደልመር ኦስጋርድ ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ኦስጋርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ቲንግስታድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 በሚኒሶታ፣ በስቫርትዳል ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የቤተሰቡ ቤት ተወለዱ። በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሐኪም አልደረሰም። የመጡትም በጭንቅላታቸው ሳይሆን በእግራቸው ነበር። እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ "ደልመር በማርሽ ኋላ ነው የገባው፤ የሰው እርዳታም አልፈለገም" እያሉ ያወሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በስቫርትዳል ትምህርት ቤት ገብተው በ1965 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ከነዱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመንጃ ፈቃድ ፈታኝነት ተቀጠሩ፤ በዚህ ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጣችሁት መካከል ግማሾቻችሁን በፈተና ጥለዋችኋል። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ከነካ ልመናም ሆነ ለቅሶ አይሰሙም ነበር። እህታቸውን አርሊስን፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን፣ ሦስት ጊዜ ጥለዋት በአራተኛው ሌላ ፈታኝ አሳለፋት። እሳቸውም የዚያን ዕለት በእራት ላይ "ፈታኙ ዓይኑ ደካማ ነው" አሉ።

በ1976 ከወይዘሮ ላቮን ብሬኬ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በ1979 አንዲት ሴት ልጃቸውን ካሪን ወለዱ። ወይዘሮ ላቮን በሐይቁ የበጋ ትርኢት በውኃ ላይ በመንሸራተት የታወቁ ነበሩ። ዘጠኝ ሰው በጀልባ እየተጎተተ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም፣ ከሁሉ በላይ ቆመው ባንዲራ የሚያውለበልቡት ላቮን ነበሩ። አቶ ደልመር በ1986 ሞተሯ በሆዷ ውስጥ የተቀመጠ ፈጣን ጀልባ የገዙት ሚስታቸውን ለመጎተት ነው። ያን ጊዜ ይወዷቸው እንደነበር እህታቸው ትመሰክራለች።

እንዲህ ዓይነቷን ጀልባ ወደ ፊት መንዳት ሕፃንም ይችላል። ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው። ማርሽ ኋላ ሲገባ መሪውን አትሰማም፤ ኋላዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይሸሻል። አቶ ደልመር ይህን ጠባይዋን አጥንተው፣ በዚያው በምትሸሽበት ጎን ወደ እንጨቱ መቆሚያ በሰያፍ አስጠግተው፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማርሽ ኋላ ሲያስገቡ ጀልባዋ ራሷ ተንሸራትታ ትለጠፍ ነበር። እሑድ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩንና ቋሊማውን ይዞ የሰውን የጀልባ አቋቋም እያየ በወረቀት ሳህን ላይ ነጥብ ጽፎ ማንሣት ልማዱ ነው፤ እሳቸው ከአሥሩ ነጥብ ከዘጠኝ በታች አግኝተው አያውቁም። ልጃቸው ካሪ "አክስቴ፣ እባክሽ ደግ ደጉን ብቻ ጻፊ" ብላ ለምና ነበር። ደግ ደጉ እዚህ ላይ ያበቃል።

በሐምሌ 1999 አንድ እሑድ ከዳር ወደ ውስጥ የሚገፋ ነፋስ ነበር። አቶ ደልመር ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለት ጊዜ የጀልባዋ አፍንጫ ተገፋ። ከወንበሮቹ ሳቅ ተሰማ። በሦስተኛው ሙከራ ፍጥነት ጨምረው መጡና አፍንጫዋ ላይ ለቆሙት ሚስታቸው "ያዢው! ምሰሶውን ያዢው እንጂ!" ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ላቮን የመቆሚያውን ምሰሶ ያዙት። ጀልባዋም መጣች። የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች በጀልባዋና በምሰሶው ብረት መካከል ቀሩ። አቶ ደልመር ገመዱን በሥርዓት አሥረው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ለጎረቤቱም "እጅ የሚገባበት ቦታ አልነበረም" አሉ።

በሁለት ጣት የመጎተቻ እጀታ አይያዝም። ስለዚህ ወይዘሮ ላቮን ከዚያ ቀን ጀምሮ በውኃው ላይ አልቆሙም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ በጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ አግድም የምትገጠምና ቁልፍ ሲጫኑ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የምትገፋ ትንሽ የባትሪ ሞተር፤ እኛ ገፊ የምንላት። "እሷ ካለች እኔም መንዳት እችላለሁ፤ ማንም ምሰሶ አይይዝም" አሉ። አቶ ደልመር እምቢ አሉ። በየዓመቱ በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ ጠየቁ፤ በየዓመቱ እምቢ ተባሉ። ልመናው ሃያ አምስት ግንቦት ፈጀ።

የአቶ ደልመር ክርክር ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ለገፊ ሲባል ደህና ጀልባ ይበሳል፤ ባትሪው በሚያስፈልግበት ቀን ይሞታል፤ በእሷ የለመደ ሰው የጀልባውን ጠባይ ሳያውቅ ያረጃል። የሠለጠነ እጅ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ገፊ አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ግን ሁላችንም ጎበዞች ነን።

ጎረቤታቸው አቶ ጎርዲ ክቫሜ በ2008 በጀልባቸው ላይ ገፊ አስገጠሙ። አቶ ደልመር ሰው በተሰበሰበበት "ጎርዲ፣ በማንኪያ የሚያጎርስህም ገዛህ?" አሏቸው። ሰው ሳቀ።

አቶ ጎርዲም ቋሊማቸውን ሳያስቀምጡ "ደልሚ፣ የእኔ ሚስት አሥር ጣት አላት" ብለው መለሱ።

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ላቮን ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። አቶ ደልመር ለአራት ዓመት አቶ ጎርዲን ሰላም አላሏቸውም፤ ሚስታቸው ለምን እንደተነሡ ግን አልጠየቁም። እህታቸው በማግስቱ ሄዳ "አንተ ሰውዬ፣ ምን አለበት ብታስገጥምላት? ጣቷን አይደል የበላህባት!" ብትላቸው "አርሊስ፣ መኪና ማቆም ያቃታት ሴት ስለ ጀልባ አትነግረኝም" አሏት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ክፋቱ፣ መከራው ምክር የሰማውንም ይዞ ይሄዳል።

አቶ ደልመር ከ2021 ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ነሐሴ 17 ቀን 2024 ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከባለቤታቸው ጋር በሐይቁ መካከል ሳሉ ደረታቸውን ይዘው ከመሪው ላይ ወደቁ። ወይዘሮ ላቮን በስልክ አምቡላንስ ጠርተው፣ በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ መሪውን ጨበጡ። ወደ ቤታቸው መቆሚያ ሲደርሱ የሕክምና ሠራተኞቹ ቃሬዛቸውን ዘርግተው እንጨቱ ላይ ቆመዋል። ነፋሱ ከዳር ወደ ውስጥ ይገፋ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ አፍንጫዋ ተገፋች። በሁለተኛው ማርሽ ኋላ ሲያስገቡ ኋላዋ ሸሸ። በመቆሚያውና በጀልባዋ መካከል የቀረው የሁለት ሰው ቁመት ያህል ነበር፤ በጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ አቶ ጎርዲ በራሳቸው ጀልባ ደርሰው "ላቮን፣ መሪውን ልቀቂው! ገመድ ወርውሪልኝ፣ ከጎኔ አሥሬ በገፊዬ አስጠጋችኋለሁ!" አሉ። ወይዘሮ ላቮን ገመዱን አነሡ።

አቶ ደልመር ከወለሉ ላይ በክርናቸው ቀና ብለው "በጎርዲ ገፊ አልገባም። አስቀምጪው" አሉ።

ወይዘሮ ላቮን ገመዱን አስቀመጡ። ለአርባ ስምንት ዓመት የታዘዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እምቢታ አይማርም። ሦስተኛው ሙከራ ከሸፈ። ከሕክምና ሠራተኞቹ አንዱ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ አለቃው "መሣሪያውን ይዘህ አትዋኝም" ብሎ ከለከለው። አራተኛውም ከሸፈ። አቶ ደልመር በዚህ ጊዜ የመጨረሻ ቃላቸውን ተናገሩ፦ "ቀስ በይ፤ ሰው እያየን ነው።"

በአምስተኛው ወይዘሮ ላቮን በሰያፍ አስጠግተው፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማርሽ ኋላ አስገቡ። ጀልባዋ እንጨቱን ሳትመታ ተለጠፈች። በዚህ ሐይቅ ከዚያ የተሻለ አቋቋም ታይቶ አይታወቅም። አቶ ደልመር ግን አላዩትም፤ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው ነበር። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ አምስተኛው ሃያ ሁለት ደቂቃ ሄዷል። ሐኪሙ በግማሹ ጊዜ ቢደርሱ ይድኑ እንደነበር ተናግሯል። ካሪ ይህ እንዳይጻፍ ጠይቃ ነበር፤ ወይዘሮ ላቮን "ይጻፍ" አሉ።

አቶ ደልመር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ላቮንን፣ ልጃቸውን ካሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን አርሊስን ትተው አልፈዋል። ለወይዘሮ ላቮን ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ትተውላቸዋል። ከትናንት በስቲያ ወይዘሮ ላቮን ወጥ ቤት ቁጭ ብለው፣ በቀሩት ሁለት ጣቶች የጠረጴዛውን ጨርቅ እያጠፉና እየዘረጉ፣ "ገመዱን ይዤው ነበር፣ አርሊስ። በእጄ ይዤው ነበር" ሲሉ አድረዋል። አንቺ ላቮን፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሚ፦ የገደለው እምቢታ የእሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም። እህቱ ነኝ፤ ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ይህን ስልም እየወደድሁት ነው።

እግዚአብሔር ለአቶ ደልመር ኦስጋርድ ምሕረቱን ይዘርጋላቸው። እሳቸውም ለዚህች አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አይበሉ።